መልእክተኛው ነው የታመመው ወይስ ሞተሩ?



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ትልልቆቹ የመንገድ ሥራ መኪናዎች ነው። ስለ ዶዘር፣ ስለ ግሬደር፣ ስለ ሎደርና ስለ ኤክስካቫተር ነው። «እኛ ፊደል የቆጠርነው ገና አሁን ነው፤ የዶዘር ነገር ምን ያደርግልናል?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ቆዩ፣ ያደርግላችኋል። ከደብረ ብርሃን እስከ ጣርማ በር፣ ከደብረ ብርሃንም እስከ አንኮበር ባለው መንገድ ላይ በረዳትነት፣ በዘበኝነት፣ በነዳጅ ቀጂነትና በዘይት ቀያሪነት የምትሠሩ አላችሁ። መኪናው ሲቆም አጠገቡ ያላችሁት እናንተ ናችሁ። መካኒኩ ከተማ ነው። ኦፕሬተሩም ሁልጊዜ አይገኝም።

የዛሬ መኪና ደግሞ ሲታመም ዝም አይልም። በቁጥር ይናገራል። ቁጥር የሚያነብ ሰው ይሰማዋል፤ የማያነብ ሰው ቀይ መብራት ብቻ ያያል።

በአገራችን የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ዶዘርና ግሬደር ለሕዝባችን እንግዳ አይደሉም። አለምገና ባለው ማሠልጠኛም ብዙ ኦፕሬተርና መካኒክ ሠልጥኗል። የድሮዎቹ መኪናዎች ሞተራቸው የሚሠራው በጥርስ፣ በሞላና በፖምፓ ነበር። መካኒኩ ጆሮውንና አፍንጫውን ይዞ ይመጣል። ሞተሩን ያዳምጣል። ጭሱን ያያል። ዘይቱን በጣቱ አሽቶ ያሸታል። በሽታውንም ይናገራል። ያ ሙያ ዛሬም አልተሻረም። ሆኖም በአዲሶቹ መኪናዎች ላይ ሌላ ነገር ተጨምሯል። ይኸውም ሰንሰር ነው።

ሰንሰር ማለት ዳሳሽ ማለት ነው። አውራ ጣት የምታህል ዕቃ ናት። አንዷ ሞተሩ ውስጥ ገብታ የውሃውን ሙቀት ትዳስሳለች። አንዷ የዘይቱን ግፊት ትዳስሳለች። ሌላዋ ሞተሩ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ትቆጥራለች። እያንዳንዷ የዳሰሰችውን በቀጭን ሽቦ ወደ ኮምፒዩተሩ ትልካለች። ኮምፒዩተሩ በሞተሩ ጎን የታሰረ የተዘጋ ሳጥን ነው። ምን ያህል ናፍጣ እንደሚረጭ የሚወስነው እርሱ ነው። የራሱ ዓይን የለውም። የሚያውቀው ሰንሰሮቹ የነገሩትን ብቻ ነው።

እንግዲህ ነገሩ ከዚህ ላይ ነው። ሰንሰር መልእክተኛ ነው። መልእክተኛ «ቤት ተቃጠለ» ብሎ ሲመጣ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ቤቱ እውነት ተቃጥሎ ይሆናል። ወይም መልእክተኛው ራሱ ታሞ ይቀባዥር ይሆናል። እውነተኛውን ወሬ «ውሸት ነው» ብሎ የናቀ ሰው ሞተር ያቃጥላል። የውሸቱን ወሬ አምኖ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ደኅና መኪና አቁሞ ሥራ ያስፈታል። ሁለቱም ጉዳት ነው። ሁለቱንም ጉዳት በየሥራ ቦታው እናያለን።

ጉዳቱ የባለ መኪናው ብቻ እንዳይመስላችሁ። በክረምት የጣርማ በር ቁልቁለት ናዳ ሲወርድበት መንገድ ይዘጋል። በ1998 ዓ.ም. በደብረ ሲና አካባቢ መሬት ተንሸራቶ ቤትና እርሻ እንደ ወሰደ ያገሩ ሰው ያስታውሰዋል። መንገድ ሲዘጋ ከወዲያ ማዶ ወደ ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት የምትሄድ ነፍሰ ጡር ትኖራለች። እህል የጫነ መኪና ይኖራል። ናዳውን የሚጠርገው ሎደር በአንዲት ሽቦ ምክንያት ቆሞ ቢያድር ምን ይባላል?

አሁን ወደ ቁጥሩ እንግባ። ቀስ ብላችሁ አንብቡ።

ዳሽቦርዱ ላይ ባለው ትንሽ መስኮት ኮድ ይወጣል። ኮድ ማለት የምሥጢር ምልክት ማለት ነው፤ ይህኛው ግን ምሥጢርነቱ ለማያነብ ሰው ብቻ ነው። በብዙ መኪናዎች ላይ ኮዱ ሁለት ቁጥር ነው። ለምሳሌ 110-3 ይላል። የመጀመሪያው ቁጥር «ማን ነው የሚናገረው?» ለሚለው መልስ ነው። ሁለተኛው «ምን ሆነ?» ለሚለው መልስ ነው።

100 የሞተር ዘይት ግፊት ነው። 110 የራዲያተር ውሃ ሙቀት ነው።

እስቲ ሁለቱን ቁጥሮች ደግማችሁ እዩአቸው። 100። 110። ልዩነታቸው የመካከለኛው ቁጥር ብቻ ነው። በአንዱ ዜሮ ነው፤ በሌላው አንድ ነው። አቧራ በለበሰ መስታወት ላይ፣ በጉም ውስጥ፣ በችኮላ የሚያነብ ሰው አንዱን በሌላው ሊለውጥ ይችላል። ታዲያ 100ን 110 ብሎ በስልክ ቢናገር መካኒኩ የሙቀት ሰንሰር ይዞ ይመጣል። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው። ያን ሁሉ መንገድ ያልተፈለገ ዕቃ ይዞ መጣ ማለት ነው። ከዚህ የባሰም አለ። «ሙቀት ከሆነ ጥቂት እናብርደውና እንቀጥል» ተብሎ የዘይት ግፊት የሌለው ሞተር ቢነሣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ብሮንዚናው ይበላል፤ ሞተሩም ይነክሳል። ከዚያ ወዲያ ወሬው ሌላ ነው፤ የሙሉ ሞተር ዋጋ ነው።

ስለዚህ ቁጥሩን አንድ በአንድ ጥሩት። «መቶ አሥር» ብቻ አትበሉ። «አንድ፣ አንድ፣ ዜሮ» በሉ። ስልካችሁ ፎቶ የሚያነሣ ከሆነም መስኮቱን አንሥታችሁ ላኩ። ግን ፎቶውን የሚቀበለው ሰው ሁልጊዜ መስመር ላይ አይገኝም፤ በአንኮበር ገደል ሥር ኔትወርክ የሚባለው ነገር እንዴት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ማንበቡ ይሻላል።

ሌሎችም ቁጥሮች አሉ። 102 ቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚገፋው አየር ነው። 190 የሞተሩ ዙር ነው። 168 የባትሪው ኃይል ነው። 108 የአካባቢው አየር ግፊት ነው፤ በቆዩት ካተርፒላሮች ላይ ግን ይኸው 274 ተብሎ ይጻፋል። ሁሉን በቃል መያዝ አያስፈልግም። የመኪናው መጽሐፍ ከኦፕሬተሩ መቀመጫ ኋላ መኖር አለበት። አንዳንድ ቦታ መጽሐፉ አለቃው ቢሮ ተቆልፎበት ይቀመጣል። ለምን እንደሚቆለፍበት እኔ አልገባኝም። ቁም ሣጥን ውስጥ ያለ መጽሐፍ ዶዘር አይጠግንም።

ሁለተኛው ቁጥር ትንሽ ነው፤ ቁም ነገሩ ግን ትልቅ ነው። 0 ከሆነ «ልኩን አልፎ ወጥቷል» ማለት ነው። 1 ከሆነ «ከልኩ በታች ወርዷል» ማለት ነው። እነዚህ ሁለቱ ሲወጡ መልእክተኛው ደኅና ነው፤ የታመመው ሞተሩ ነው ብላችሁ ጀምሩ። 3 ከሆነ የሽቦው ቮልት ከመጠን በላይ ከፍ ብሏል። 4 ከሆነ ቮልቱ ከመጠን በታች ወርዷል። 3 እና 4 ሲወጡ የታመመው መልእክተኛው ወይም መንገዱ ነው፤ ማለትም ሰንሰሩ ወይም ሽቦው ነው። 2 ከሆነ ወሬው ይዘበራረቃል፤ አንዴ እንዲህ አንዴ እንዲያ ይላል ማለት ነው።

ስለዚህ 100-1 እና 100-3 እኩል አይደሉም። 100-1 «የዘይት ግፊት ወረደ፣ ሞተር አጥፋ!» ነው። 100-3 «ከዘይት ሰንሰሩ ትክክለኛ ወሬ አጣሁ» ነው። በቆዩት ካተርፒላሮች ላይ ይህ ልዩነት በፊደል ይታያል። የሞተሩ የራሱ ሕመም ሲሆን ከቁጥሩ ፊት ኢ የሚባለው የፈረንጅ ፊደል ይቀድማል። ኢ360 የዘይት ግፊት መውረድ ነው። ኢ361 የውሃ ሙቀት ማለፍ ነው። በብዙዎቹ የኮማትሱ መኪናዎች ላይ ደግሞ ሲ እና ኤ የሚባሉ ፊደሎች ቀድመው ሦስት ቁጥር ይከተላል። ሲኤ144 የውሃ ሙቀት ሰንሰሩ ቮልት ከፍ ማለቱ ነው። ሲኤ145 ዝቅ ማለቱ ነው። እንደምታዩት ቋንቋው ይለያያል፤ ነገሩ ግን አንድ ነው።

«ቮልት ከፍ አለ፣ ቮልት ዝቅ አለ» የሚለው ለብዙ ሰው አይገባም። ገበሬ ለሆነ ሰው ግን ቀላል ነው። መስኖ አስቡ።

ኮምፒዩተሩ ምንጭ ነው። በቦይ ውሃ ይለቃል። የሚለቀው 5 ቮልት ነው። በቦዩ ጫፍ አንዲት መዝጊያ አለች፤ እርሷ የሙቀት ሰንሰሯ ናት። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ መዝጊያዋ ጠበብ ትላለች፤ ውሃው ቦዩ ውስጥ ከፍ ይላል። ሞተሩ ሲሞቅ መዝጊያዋ ሰፋ ትላለች፤ ውሃው ይፈስሳል፣ በቦዩ ውስጥ ያለውም ዝቅ ይላል። ኮምፒዩተሩ የውሃውን ከፍታ አይቶ «ሞተሩ ይህን ያህል ሞቋል» ይላል። አሁን ቦዩ በናዳ ቢደፈን ምን ይሆናል? ውሃው ወደ መዝጊያዋ አይደርስም። ቦዩ ጢም ብሎ ይሞላል። ሽቦ ሲበጠስ ወይም ሶኬቱ ሲነቀል እንዲሁ ነው፤ 5 ቮልቱ ሙሉውን ይቆማል፤ ኮዱ 3 ይሆናል። ቦዩ መንገድ ላይ ቢፈርስስ? ውሃው ሜዳ ላይ ይቀራል፤ ቦዩ ይደርቃል። ሽቦ ተልጦ ብረቱን ሲነካ እንዲሁ ነው፤ ቮልቱ ወደ ዜሮ ይወርዳል፤ ኮዱ 4 ይሆናል። ብረቱን መንካት በጋራዥ ቋንቋ «ማሳ አደረገ» ይባላል። የእህል ማሳ እንዳይመስላችሁ። ይህኛው ማሳ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ የመኪናው አካል የሆነው ብረት ማለት ነው።

ይህን የተረዳ ሰው ከሥራ ኪስ ውስጥ ሌላ መሣሪያ ሳያወጣ ሰንሰሩን ከሽቦው ሊለይ ይችላል። እንዴት?

እንበል መስኮቱ 110-4 አለ። ሞተሩን አጥፉ። ቁልፉን ዝጉ። የውሃ ሙቀት ሰንሰሩን ሶኬት ንቀሉ። እንደገና ቁልፉን ክፈቱ፤ ሞተሩን ግን አታስነሡ። መስኮቱን እዩ። 110-4 ጠፍቶ 110-3 ከመጣ ሽቦውም ኮምፒዩተሩም ደኅና ናቸው ማለት ነው። ቦዩን በእጃችሁ ደፈናችሁት፤ ኮምፒዩተሩም «ተደፈነ» አለ። እውነቱን ተናገረ። እንግዲያው ጥፋተኛዋ ሰንሰሯ ናት። ሶኬቱ ተነቅሎም 110-4 ካልጠፋ ግን ሰንሰሯን አትክሰሱ። ሽቦው መንገድ ላይ ማሳ አድርጓል። ፈልጉት። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ሽቦው በብረት ማዕዘን ላይ በሚታጠፍበት፣ ወይም ማሰሪያው ወልቆ በሚፋተግበት ቦታ ነው።

መስኮቱ 110-3 ካለ ደግሞ በተቃራኒው ነው። ቁልፉን ዝጉ፤ ሶኬቱን ንቀሉ። ከኮምፒዩተሩ በሚመጣው ሶኬት ላይ ያሉትን ሁለቱን ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ አገናኙ። ቁልፉን ክፈቱ። 110-4 ከመጣ መንገዱ ደኅና ነው፤ ሰንሰሯ ትለወጥ። አሁንም 110-3 ከሆነ ሽቦው ተበጥሷል ወይም የሶኬቱ ጥርስ ወደ ውስጥ ሸሽቷል። ይህን የምላችሁ ሁለት ሽቦ ላላት የሙቀት ሰንሰር ነው። የግፊት ሰንሰሮች ሦስት ሽቦ አላቸው፤ አንዱ 5 ቮልት ይዞ ይመጣል። እነርሱን ያለ መጽሐፉ በሽቦ አታገናኙ።

እስቲ አንድ ንግግር እናስብ። ቦታው ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ በሚወርደው መንገድ ነው እንበል። ግሬደሩ ቆሟል። ረዳቱ ለመካኒኩ ይደውላል።

«ጋሼ፣ ግሬደሩ ኮድ አውጥቷል።»

«ምን ይላል?»

«አንድ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። ከዚያ ሰረዝ። ከዚያ አራት።»

«እርግጠኛ ነህ? አንድ አንድ ዜሮ አይደለም?»

«አይደለም ጋሼ። ደግሜ አየሁት። ጽፌዋለሁም።»

«ዘይቱን በዘንጉ ለክተሃል?»

«ለክቻለሁ። ልኩ ላይ ነው። ውሃም አልገባበትም፤ አልነጣም።»

«ጎሽ! ሞተሩን እንዳታስነሣው። ማታ የዘይት ግፊት ጌጅና አንድ ሰንሰር ይዤ እመጣለሁ።»

በዚህ ንግግር ውስጥ ረዳቱ የሠራው ሥራ ቀላል አይደለም። ቁጥሩን ለየ። ዘይቱን ለካ። የዘይቱን መልክ አየ፤ ውሃ የገባበት ዘይት እንደ ወተት ነጣ ይላልና። መካኒኩም ብልህ ነው። ኮዱ 4 ስለሆነ «ሰንሰር ወይም ሽቦ ነው» ብሎ ገምቷል፤ ሆኖም በግምት ሞተር አያስነሣም። ጌጅ ይዞ ይመጣል። ጌጁን በሞተሩ መፈተኛ ቀዳዳ ላይ አስሮ የዘይቱን ግፊት በዓይኑ ያያል። ጌጁ ሽቦ የለውም፤ ኮምፒዩተር አያውቅም፤ ስለዚህ አይዋሽለትም። ከዚያ በኋላ ነው ሰንሰሯን የሚፈርድባት።

የዘይት ግፊት ነገር ሲሆን ሁልጊዜ እንዲህ ነው። ቀይ መብራት በርቶ መጥሪያው ከጮኸ በመጀመሪያ ሞተር አጥፉ፤ ክርክሩ ቀጥሎ ይመጣል። ውሃ ከሞቀ ግን ሌላ ነው። ውሃው ፈስሶ ካላለቀ በቀር ሥራውን አቁሙና ሞተሩን በዝቅተኛ ዙር አቆዩት፤ ቀስ ብሎ ይቀዝቅዝ። የራዲያተሩን ክዳን በትኩሱ አትክፈቱ። ፊቱን በእንፋሎት የተቃጠለ ሰው ያየ ይህን አይረሳም።

አሁን ስለ አገራችን ከፍታ እንነጋገር። ይህ ጉዳይ ለእኛ ለደገኞች የተለየ ነው።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። በባሕር ዳርቻ የአየሩ ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው። ኪሎ ፓስካል የግፊት መለኪያ ነው፤ ኪሎ ግራም የክብደት መለኪያ እንደሆነ ሁሉ ማለት ነው። በደብረ ብርሃን 72 ገደማ ነው። በ3,000 ሜትር ላይ 70 ያህል ነው። ወደ ቆላ፣ ከፍታው 1,500 ሜትር ወደሆነ ቦታ ሲወረድ ወደ 85 ይወጣል።

ይህ ምን ይጠቅማል? ሞተሩ ሳይነሣ፣ ቁልፉ ብቻ ተከፍቶ፣ መካኒኩ ላፕቶፑን ሰክቶ ወይም በዳሽቦርዱ መስኮት የሰንሰሮቹን ንባብ ያይ። የአካባቢው አየር ሰንሰር በደብረ ብርሃን 72 አካባቢ ማለት አለበት። የቱርቦውም ሰንሰር፣ ግፊቱን ሙሉ በሙሉ የሚያሳይ ከሆነ፣ ያንኑ ማለት አለበት፤ ሞተሩ ሳይዞር ቱርቦው ምንም አይገፋምና። የሚገፋውን ብቻ የሚያሳይ ከሆነ ዜሮ ይላል። የዘይት ግፊትም ዜሮ ማለት አለበት። አንዷ ሰንሰር ደብረ ብርሃን ቆማ «100 ነኝ» ካለች እርሷ ምጽዋ ያለች መስሏታል። ውሸታሟ ተገኘች።

ይህች ውሸት ተራ ነገር አይደለችም። ኮምፒዩተሩ በከፍታ ቦታ ላይ ቱርቦው ከልክ በላይ እንዳይዞር ብሎ ናፍጣውን ይቀንሳል። ስለዚህ ዶዘር ከቆላ ተጭኖ ጣርማ በር ሲወጣ ጉልበቱ ጥቂት ቢቀንስ ሕመም ላይሆን ይችላል፤ የአገሩ ጠባይ ነው። «ፖምፓው ሞቷል» ብሎ የናፍጣ ፖምፓ የሚያስወርድ መካኒክ አለ። አስቀድሞ የናፍጣውን ፊልትሮ፣ የአየሩን ፊልትሮ፣ ከዚያም የአየር ግፊቱን ንባብ ቢያይ ብዙ ገንዘብ ያተርፍ ነበር።

ውሃም በእኛ አገር ቶሎ ይፈላል። በባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ በደብረ ብርሃን 90 ገደማ ሲደርስ ይፈላል። እናቶች ይህን በተግባር ያውቁታል፤ ባቄላ በደጋ ለመብሰል ይቆያል፤ ውሃው ፈላ እንጂ አልጋለምና። የሞተር ውሃ የማይፈላው የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ይዞ ስለሚያፍነው ነው። የክዳኑ ጎማ ከተሰነጠቀ ሞተሩ በቆላ የሚችለውን ሙቀት በደጋ አይችለውም። ውሃውን እየተፋ ይጨርሳል። ልብ በሉ፤ ውሃው ካለቀ በኋላ የሙቀት ሰንሰሯ የሚነካት ውሃ የለም። በባዶ አየር ውስጥ ተንጠልጥላ «ደኅና ነው» ልትል ትችላለች። መልእክተኛው ዝም ያለበት ቀን የሰላም ቀን ላይሆን ይችላል ማለት ነው። ጠዋት ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሣ፣ ውሃና ዘይት በዓይን ማየት የቀረ ነገር አይደለም።

ጠዋትን ካነሣን፣ ውርጭ ለመካኒክ ወዳጁ ነው። በጥቅምት፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱን ሙሉ ደብረ ብርሃን ሜዳ ላይ ያደረ መኪና ከላይ እስከ ታች እኩል ቀዝቅዟል። ማልዳችሁ ቁልፉን ብቻ ክፈቱና የሙቀት ሰንሰሮቹን ሁሉ ንባብ እዩ። የውሃው፣ ወደ ሞተር የሚገባው አየር፣ የናፍጣው፣ ሁሉም ተቀራራቢ ቁጥር መናገር አለባቸው። ሁለቱ «4 ዲግሪ፣ 5 ዲግሪ» ብለው አንዷ «60 ዲግሪ» ካለች፣ በዚያ ውርጭ ላይ የትኛው እሳት አሞቃት? ይህን ለመለየት ምንም ገንዘብ አይፈጅም። ጋቢ ለብሶ ማልዶ መነሣት ብቻ ነው።

አንዳንድ ጊዜ አንድ ኮድ ሳይሆን አምስት ስድስት ኮድ በአንድ ጊዜ ይዘረገፋል። ያኔ አትደንግጡ። በአንድ ቤት ያሉ ሰዎች ሁሉ በአንድ ሌሊት ቢታመሙ አብረው የበሉትን ወጥ ትጠይቃላችሁ እንጂ እያንዳንዱን ለየብቻ አትመረምሩም። ሰንሰሮቹም አብረው የሚበሉት አለ። ባትሪው አንድ ነው። ማሳው አንድ ነው። ለግፊት ሰንሰሮች የሚታደለው 5 ቮልትም የጋራ ነው፤ በካተርፒላር ላይ የዚህ መስመር ኮድ 262 ነው። የባትሪው ራስ ላልቶ እንደሆነ እዩ። የማሳውን ወፍራም ሽቦ እዩ። ከዚያ ሰንሰሮቹን አንድ በአንድ ንቀሉ። አንዷን ስትነቅሉ 262 ከጠፋ ሌሎቹን ስታስርብ የኖረችው እርሷ ናት።

ሰንሰርና ሽቦን የሚገድለው ማነው? አብዛኛውን ጊዜ እኛው ነን። መኪና በኃይለኛ የውሃ ፖምፓ ሲታጠብ ውሃው ሶኬት ውስጥ ይገባል፤ ጥርሱ አረንጓዴ ዝገት ያበቅላል። አይጥም ሽቦ ትበላለች፤ በክረምት ቆሞ የከረመ መኪና በተለይ። ከሁሉ የከፋው ብየዳ ነው። የዶዘር አካፋ ሲሰነጠቅ በኤሌክትሪክ ይበየዳል። የባትሪው ሽቦና የኮምፒዩተሩ ሶኬት ሳይነቀል ከተበየደ የብየዳው ኃይል በቀጭኑ ሽቦ አልፎ ኮምፒዩተሩን ሊያቃጥለው ይችላል። የብየዳው ማሳ ደግሞ ከሚበየደው ቦታ አጠገብ ይታሰር እንጂ ሞተሩ ላይ አይታሰር። በያጁ ይህን የማያውቅ ከሆነ እናንተ ንገሩት። «አንተ ረዳት ነህ፣ ምን አገባህ?» ቢላችሁም ንገሩት።

ቀይ መብራቱ እንዳይታይ ፕላስተር የሚለጥፉበትም አሉ። «ሁልጊዜ ይበራል፤ ለምደነዋል» ይላሉ። ይህ የጎረቤት ውሻ ሲጮኽ ጆሮን በጥጥ መድፈን ነው፤ ሌባው ግን ይገባል።

አሁን ደብተራችሁን አውጡ። ለመኪናው አንድ ደብተር ይኑረው። በየቀኑ ረጅም ሐተታ አትጻፉ። ቀኑን፣ ሰዓት ቆጣሪው ያሳየውን፣ ኮዱንና የአየሩን ጠባይ ጻፉ። እንዲህ፦

«ኅዳር 12። ሰዓት ቆጣሪ 6,410። ኮድ 110-4። ጠዋት ውርጭ ነበር። ትናንት ታጥቧል።»

እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሦስት ጊዜ ተደጋግሞ «ትናንት ታጥቧል» የሚለው ሦስቱም ላይ ከተገኘ መካኒኩ ሌላ ምርመራ አያሻውም፤ በቀጥታ ውሃ የገባበትን ሶኬት ይፈልጋል። ያ ደብተር ባይኖር ኖሮ ሦስት ሰንሰር ይለወጥ ነበር። ኮዱን ሳትጽፉ አታጥፉት። ከኮምፒዩተሩ ላይ የተሰረዘ ኮድ የሞተ ምስክር ነው።

ለዛሬ የምናነባቸው ቁጥሮች እነዚህ ናቸው። መጀመሪያ ጮክ ብላችሁ፣ ቁጥሩን አንድ በአንድ እየጠራችሁ አንብቡ። ከዚያ «መልእክተኛው ነው የታመመው ወይስ ሞተሩ?» ብላችሁ መልሱ።

100-1

110-3

110-0

102-4

የመጀመሪያውና ሦስተኛው የሞተሩ ሕመም ናቸው። ሁለተኛውና አራተኛው የሰንሰሩ ወይም የሽቦው ናቸው። ያልተስማማችሁበት ካለ ከጓደኛችሁ ጋር እንደገና ወደ ላይ ተመልሳችሁ አንብቡት።

በሚቀጥለው ጊዜ ስለ ሞተሩ ዙር ቆጣሪ፣ ስለ 190፣ እንነጋገራለን። ይህች ሰንሰር ማግኔት አላት፤ የብረት ብናኝ ይለጠፍባታል። እስከዚያው ደኅና ሰንብቱ።